በደረቅ ቆዳ የሚመጣ ሽፍታ፦ በወሎ ደጋ የበጋውን ብርድ ለሚያልፉ የተዘጋጀ መመሪያ

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲጋመስ የወሎ ደጋ አየር ጠባዩን ይለውጣል። ዝናቡ ያቆማል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ደግሞ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ በደላንታ፣ በመቄትና በዋድላ ከፍታዎች ውርጭ ሲጥል፣ በጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ደሴም የጧቱ ብርድ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ይሆናል። ብዙ ሰው ቅልጥሙ፣ ክንዱና የእጁ ጀርባ አመድማ ሆኖ ሲነጣ የሚያየው፣ ማታ ልብሱን አውልቆ ሲተኛ ሰውነቱ የሚበላው፣ ሲያክከው ደግሞ ሻካራና የተቆጣ ሽፍታ የሚወጣበት በዚህ ወቅት ነው።

ይህ ሽፍታ በአብዛኛው ብዙ ገንዘብ ሳይወጣበት፣ በቤት ውስጥ በሚደረግ ጥንቃቄ የሚድን ነው። አስቸጋሪ የሚያደርገው ሰውን ወደ ተሳሳተ መፍትሔ የሚመራ መሆኑ ነው። የነጣውን ቆዳ ያየ ሰው እድፍ ነው ብሎ በሳሙናና በሻካራ ነገር ይፈትገዋል፤ የሚበላው ሰው በጣም በሞቀ ውሃ ይታጠባል፣ ሙቀቱም ለጥቂት ደቂቃ ስለሚያስታግስለት በማግስቱ ይደግመዋል፤ ሽፍታው የጠናበት ደግሞ ጎረቤት የነገረውን ጠንካራ ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ ይቀባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ድርቀቱን ያባብሱታል፤ ሦስተኛውም ለጊዜው ያሻለ መስሎ ቆዳውን ያሳሳዋል። የደረቀ ቆዳ የሚፈልገው ውሃውን ይዞ የሚያቆይለት ቅባት ነው፤ ቅባቱም በትክክለኛው ሰዓት፣ በበቂ መጠንና ሳይቋረጥ መቀባት አለበት።

ቆዳ የሚደርቀው እንዴት ነው?

የቆዳችን የላይኛው ንብርብር በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ከወረቀት የሳሳ ነው። ሥራው ግን ከባድ ነው፤ በውስጥ ያለው ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ ያግዳል፣ ከውጭም አቧራ፣ ሳሙናና ተሕዋስያን እንዳይገቡ ይከላከላል። የተሠራውም ከሞቱ ጠፍጣፋ ሴሎችና በሴሎቹ መካከል ካለ ስብ ነው። በደጋው የድንጋይ ቤት ሲሠራ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፦ ሴሎቹ ድንጋዮቹ ናቸው፣ ስቡም በድንጋዮቹ መካከል የተመረገው ጭቃ ነው፤ ጭቃው የተራገፈበት ግድግዳ ቆሞ ቢታይም ነፋስ በየቀዳዳው ይገባበታል።

ይህን ስብ የሚያራቁቱት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ በወሎ ደጋ ደግሞ በአንድ ወቅት ተደራርበው ይመጣሉ። ቀዝቃዛ አየር የሚሸከመው የውሃ ተን ትንሽ ነው። ያው አየር በቤት ውስጥ በከሰል ወይም በማገዶ ሲሞቅ፣ ውሃ ስላልተጨመረበት፣ ይበልጥ ደረቅ ሆኖ ከቆዳ ላይ እርጥበት ይወስዳል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም አንዱ ሰው በሁለቱ ቦታዎች የተለያየ ቆዳ ሊኖረው ይችላል። ሳሙናም የራሱ ድርሻ አለው። የጤናማ ቆዳ ገጽ ጥቂት አሲድነት ያለው ሲሆን፣ ፒኤች በሚባለው የአሲድነት መለኪያ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ልኬቱ 5 አካባቢ ነው፤ ተራ ደረቅ ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ስለሚደርስ እድፉን ሲያነሣ የቆዳውን ስብም አብሮ ያነሣል። የሞቀ ውሃ ይህንን ያፋጥነዋል። ዕድሜም አለ፤ ሰው በሸመገለ ቁጥር የቆዳው ወዝ ይቀንሳል፣ ስለዚህ በአረጋውያን ቅልጥም ላይ የሚታየው ድርቀት ከወጣቱ የከፋ ነው።

ውሃ አብዝቶ መጠጣት ለጤና መልካም ቢሆንም ከላይ የተራቆተውን ቆዳ አይጠግነውም፤ የሚተነው በላይኛው ገጽ በኩል ስለሆነ መከላከያውም እዚያው መሆን አለበት።

የደረቀው ቆዳ መጀመሪያ ጠብቆ ይወጠራል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ከዚያም ይበላል። ሰው ሲያክከው የተራቆተው ገጽ ይበልጥ ይጎዳል፤ የተጎዳው ቆዳ ይቆጣል፣ የተቆጣውም ይበልጥ ይበላል። ድርቀት ብቻ የነበረው ነገር ችፌ የሚባለው ሽፍታ የሚሆነው በዚህ ዑደት ነው። ዑደቱን ለመቁረጥ አመቺው ቦታ መነሻው፣ ማለትም ድርቀቱ ነው፤ ማሳከኩን በመድኃኒት አስታግሶ ድርቀቱን መተው ሽፍታው በሳምንቱ ተመልሶ እንዲመጣ ያደርጋል።

በእኛ ቆዳ ላይ ምን ይመስላል?

በብዙ የሕክምና ጽሑፎች የተቆጣ ቆዳ ቀይ ነው ተብሎ ይገለጻል። ይህ ገለጻ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ሰውን ያሳስታል። በእኛ ቆዳ ላይ የተቆጣው ቦታ ከአካባቢው የጠቆረ፣ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ግራጫ ያደላ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዴም ቀለሙ ብዙም ሳይለወጥ ጥቃቅን እብጠቶች ብቻ ይወጣሉ። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ እጅን ማመን ይሻላል። በመዳፍ ሲዳሰስ የሻከረ፣ የጠነከረና ከአካባቢው የሞቀ ቦታ የተቆጣ ቆዳ ነው።

በአረጋውያን ዘንድ በብዛት የሚጠቃው የቅልጥም የፊት ገጽ ነው። ቆዳው መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎ ርስ በርሱ በሚገናኝ ጥልፍልፍ መስመር ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ ሲጠልቅ ያቃጥላል፣ ሊደማም ይችላል። በሕፃናት ላይ ጉንጭ፣ ከፍ ባሉት ልጆች ላይ ደግሞ የክርንና የጉልበት መታጠፊያ ውስጠኛው ክፍል ይቆጣል። በቤተሰቡ ውስጥ አስም ወይም በአበባና በአቧራ የሚነሣ ማስነጠስ ካለ፣ ልጁ በተፈጥሮው ቆዳው ቶሎ የሚደርቅ ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄው ዓመቱን ሙሉ ይሆናል። ከብት ሲጠብቁ የሚውሉ ልጆች ጉንጫቸውና የእጃቸው ጀርባ በነፋስ ይሰነጠቃል፤ በቤት ሥራ ላይ የሚውሉ ሴቶች ደግሞ በጣቶቻቸው ጫፍና በጣቶቻቸው መካከል ይቸገራሉ።

ሽፍታው ከዳነ በኋላ ቦታው ጠቁሮ ወይም ፈዝዞ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ይህ ጠባሳ አይደለም፤ ቆዳው ሳይቆጣ ከቆየ በራሱ ጊዜ ወደ ቀለሙ ይመለሳል። ቶሎ ይጥፋ ተብሎ የማንጫ ክሬም የሚቀባበት ቆዳ ግን እንደገና ይቆጣል፣ ጥቁረቱም ይብሳል።

ሌላ በሽታ እንዳይሆን

በዚህ ክፍል ላይ አንባቢው ጊዜ እንዲሰጥ እለምናለሁ፤ ሌላ ሕክምና የሚያሻውን በሽታ ድርቀት ነው ብሎ በቅባት መሸፈን ጉዳት አለውና።

በመጀመሪያ የሚጠረጠረው እከክ ነው። እከክ በዓይን ለማየት በሚያስቸግር ጥቃቅን ነፍሳት የሚመጣ ሲሆን፣ ማታ ማታ እንቅልፍ የሚነሣ ማሳከክ አለው፤ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብ፣ በብብትና በኀፍረተ ሥጋ አካባቢ ይወጣል። ዋናው መለያው በአንድ ቤት ከአንድ በላይ ሰው የሚያሳክክ መሆኑ ነው። ድርቀት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እከክ ከሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ፣ የማያሳክከውም ጭምር፣ በአንድ ቀን መድኃኒቱን መቀባት፣ ልብስና አንሶላውም በሙቅ ውሃ መታጠብ አለበት፤ አንዱ ከቀረ በሽታው ተመልሶ ይዞራል።

ጭርት ደግሞ ክብ ሆኖ ይወጣል፤ ጠርዙ ከፍ ያለና የሚላጥ፣ መሐሉ ግን የዳነ የሚመስል ነው፣ ቀስ በቀስም ይሰፋል። የፈንገስ በሽታ ስለሆነ የሚድነው በፈንገስ መድኃኒት ነው። ቋቁቻም በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን በደረት፣ በጀርባና በአንገት ላይ ስስ ቅርፊት ያላቸው የፈዘዙ ወይም የጠቆሩ ነጠብጣቦች ያወጣል። በልጆች ፊት ላይ የሚታዩት ወሰናቸው በደንብ የማይለይ የፈዘዙ ቦታዎች ግን ብዙ ጊዜ የድርቀት ውጤት ናቸው፤ ቫዝሊንና ጊዜ ይበቃቸዋል።

ሆኖም የፈዘዘ ቦታ ሲታይ አንድ ፈተና መደረግ አለበት። ልጁ ወይም አዋቂው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቦታው በቀጭን የጥጥ ክር በቀስታ ሲነካ ይሰማዋል ወይ? የማይሰማ፣ የማያሳክክና የማያልበው የፈዘዘ ቦታ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ሥጋ ደዌ የሚድን በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት አማካይነት በነጻ ይሰጣል። ነርቭ ሳይጎዳ ከተደረሰበት የአካል ጉዳት አያስከትልም። ከደሴ ወጣ ብሎ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳና በሥጋ ደዌ ሕክምና ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ስለሆነ፣ በአካባቢው ያለ ሰው በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ተነሥቶ ወደዚያ ሊላክ ይችላል።

ሽፍታ ሳይኖር መላ ሰውነትን የሚያሳክክ ድርቀት፣ በተለይ ከክብደት መቀነስ፣ ከድካም፣ ከብዙ ጥማት ወይም ከዓይን ቢጫነት ጋር ሲመጣ፣ የስኳር፣ የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የእንቅርት በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያሻዋል። እግሩና ፊቱ አብጦ ቆዳው የሚላጥ ሕፃን የምግብ እጥረት ሊኖርበት ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

እጥበትን ማስተካከል

መታጠብን መተው መፍትሔ አይደለም፤ መለወጥ ያለበት አስተጣጠቡ ነው። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ በክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ ሲፈስ የማያቃጥል፣ የማያስደነግጥም መሆን አለበት። ገላን መታጠብ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ሳሙና የሚያስፈልገው ለብብት፣ ለብልት አካባቢ፣ ለእግርና በግልጽ ለቆሸሸ ቦታ ነው፤ ቅልጥምና ክንድ በየዕለቱ በሳሙና ባይታጠቡ የሚጎድላቸው ነገር የለም። ሳሙናው ሽታ የሌለውና ለስላሳ ቢሆን ይመረጣል። የልብስ ሳሙና፣ የዱቄት ሳሙና፣ በረኪናና እንዶድ ለልብስ እንጂ ለገላ አይደሉም። በሻካራ መፋቂያ መፈተግም መቅረት አለበት፤ የሚነሣው ቅርፊት እድፍ ሳይሆን ያልተጠገነው የቆዳ ገጽ ነውና።

ከታጠቡ በኋላ በፎጣ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ሳያሹ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ፣ ቆዳው ጥቂት እርጥበት እንደያዘም ቅባቱን መቀባት ነው። ከታጠቡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ከሁሉ የበለጡ ናቸው። የዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ በልብ የሚያዝ ከሆነ ይህ ይሁን፦ ቅባት ሳይከተለው የሚደረግ እጥበት ቆዳን ያደርቃል፣ ቅባት የተከተለው እጥበት ግን ያረጥባል።

በወሎ ሙስሊሙ ብዙ ስለሆነ ስለ ውዱእ ለይቶ መናገር ይገባል። ከሱብሂ እስከ ኢሻ ፊትን፣ እጅን እስከ ክርን፣ እግርንም እስከ ቁርጭምጭሚት ደጋግሞ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ፣ ውሃው በነፋስ እንዲደርቅ ከተተወ፣ በበጋ ቆዳን ይሰነጥቃል። የሚጎዳው እጥበቱ ሳይሆን ሳይደርቁና ሳይቀቡ ወደ ብርድ መውጣት ነው። ከተቻለ የሱብሂውን ውሃ ለብ ማድረግ፣ ከውዱእ በኋላ በተለይ በእግር ጣቶች መካከል አድርቆ መጥረግ፣ ከዚያም በእጅ ጀርባ፣ በክንድና በተረከዝ ላይ ስስ ቅባት መቀባት ይጠቅማል። ወፍራም ቅባት ውሃን ከቆዳ ስለሚያግድ ከውዱእ በፊት ሳይሆን በኋላ መቀባቱ ይሻላል። በጣቶች መካከል ግን ቅባት አይደረግ፤ እርጥበት የሚታመቅበት ቦታ ለፈንገስ ይመቻል። በታኅሣሥና በጥር ጧት ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ጨርሶ ሲወጣ ራሱን አድርቆ መቀባት ይገባዋል።

የትኛው ቅባት፣ በምን ያህል መጠን

ለደረቅ ቆዳ ምርጡ ቅባት ውድ የሆነው አይደለም። በየሱቁ የሚገኘው ሽታና ቀለም የሌለው ቫዝሊን ውሃን በማገድ ረገድ የሚተካከለው ጥቂት ነው፤ የሚያሳክክ ሽቶ የለበትም፣ አይበላሽምም። ጉድለቱ መጣበቁና በልብስ ላይ መቅረቱ ነው። ቀን ቀን ቀለል ያለ ሽቶ አልባ ክሬም፣ ማታ ቫዝሊን መቀባት ለብዙ ሰው የሚስማማ አደራረግ ነው። ሎሽን ውሃ ስለሚበዛበት በበጋ ብርድ አቅም ያንሰዋል።

ግሊሰሪን ውሃ ስቦ የሚይዝ ስለሆነ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሳይቀላቀል በደረቅ አየር ከተቀባ ውሃውን ከውስጥ ሊስብና ሊያቃጥል ይችላል። አንድ እጅ ግሊሰሪን ከሁለት ወይም ከሦስት እጅ ንጹሕ ውሃ ጋር ቀላቅሎ በእርጥብ ቆዳ ላይ መቀባት፣ ከላዩም ቫዝሊን መደረብ ነው። ድብልቁ እንዳይበላሽ በጥቂቱ ይዘጋጅ። ከዘይት ወገን የሱፍ ዘይት ለቆዳ ገር ነው፤ የወይራ ዘይት በስሙ ቢወደድም የቆዳውን መከላከያ ሊያላላ ስለሚችል ለዚህ ችግር አይመረጥም።

ስለ ቅቤ የሚጠየቀው ብዙ ነው። እናቶቻችን ሕፃንን ቅቤ ቀብተው ፀሐይ ያሞቁ ነበር፤ ቆዳው ያልተሰነጠቀ እንደሆነ ቅቤው ማለስለሱ አይካድም። በቆሰለና በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ግን ጥሬ ቅቤ መቀባት አይመከርም፤ በውስጡ ተሕዋስያን ሊኖሩ ይችላሉ፣ ቶሎም ይቆመጥጣል። ልጁን የመንከባከቡ ልማድ ይቀጥል፣ የሚቀባው ነገር ግን ቫዝሊን ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለገበሬው ቤት አስፈላጊ ነው። በፋርማሲ የሚሸጥ ዩሪያ ያለበት ክሬም አለ፤ 10 በመቶ ያህል ያለበት ለደረቅ ቆዳ፣ ከ20 እስከ 25 በመቶ ያለበት ደግሞ ለጠነከረ ተረከዝ ይጠቅማል። ይህ ለማሳ የሚሰጠው የዩሪያ ማዳበሪያ አይደለም። ማዳበሪያውን በውሃ በጥብጦ ወይም ከቅባት ጋር ቀላቅሎ ቆዳ ላይ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ክሬሙም ቢሆን በክፍት ስንጥቅ ላይ ስለሚያቃጥል ስንጥቁ እስኪገጥም ቫዝሊን መጠቀም ይሻላል።

መጠኑን በተመለከተ ሰው ሁሉ ያሳንሳል። መላ ሰውነቱ የተቆጣ አዋቂ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ክሬም ሊያስፈልገው ይችላል፤ ቅልጥምና ክንድ ብቻ ከሆነ ከዚህ በጣም ያነሰ ይበቃል። አቅም ለሚያጥረው ሰው የምመክረው፣ ጥቂቱን በመላ ገላ ከማዳረስ ይልቅ የሚደርቀውን ቦታ ጧትና ማታ በደንብ መቀባትን ነው። ቅባቱን ከእቃው በንጹሕ ማንኪያ ማውጣት፣ በመዳፍ ማሞቅና በፀጉሩ አቅጣጫ ወደ ታች ማዳረስ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ማሸት የፀጉር ቀዳዳዎችን ይደፍናል፣ ማሳከኩንም ይቀሰቅሳል። ሽፍታው ከጠፋ በኋላም ወቅቱ እስኪያልፍ ቅባቱ አይቋረጥ።

እሳትና ልብስ

በብርድ እሳት ዳር መቀመጥን ማስቀረት አይቻልም፤ ግን ርቀት ያስፈልጋል። እግሩን ለምድጃ ወይም ለከሰል ማንደጃ አስጠግቶ ዘወትር የሚቀመጥ ሰው ቅልጥሙ ላይ የመረብ ቅርጽ ያለው ቡናማ ምልክት ይወጣበታል። ይህ ቆዳው በሙቀት መጎዳቱን ያሳያል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ወደ ከፋ ነገር ሊለወጥ ስለሚችል ቀላል ነው ተብሎ አይታለፍ። እግርን በካልሲና በጋቢ ሸፍኖ ራቅ ብሎ መቀመጥ ይሻላል። የወይባ ጢስ የሚገቡ እናቶችም ቆዳቸው የሚበላና የተሰነጠቀ ሳለ ቢተዉት፣ ከገቡም በኋላ ቢቀቡ መልካም ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ብዙ የማይነገር አደጋ አለ። ቫዝሊንና ሌሎች ቅባቶች የጠጣ ልብስ ወይም አንሶላ እሳት ከነካው ከሌላው ጨርቅ በበለጠ ፍጥነት ይቀጣጠላል። ተቀብቶ የተኛ አረጋዊ ወይም ሕፃን ከምድጃ፣ ከሻማና ከኩራዝ መራቅ አለበት፤ ልብሱም ቶሎ ቶሎ ይታጠብ።

ከበግ ጠጉር የተሠራው ባናና በርኖስ ከብርድ ይጋርዳሉ፣ ጠጉሩ ግን ደረቅ ቆዳን ይወጋል፣ ማሳከክንም ያስነሣል። ከሥር የጥጥ ልብስ ወይም ለስላሳ ጋቢ መልበስ ሁለቱንም ያስታርቃል። ልብስ ሲታጠብ ሳሙናው በደንብ መለቅለቅ አለበት፤ በጨርቁ ውስጥ የቀረ ሳሙና ቀኑን ሙሉ ቆዳን ያስቆጣል።

የእጅና የተረከዝ ስንጥቅ

እጅ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚታጠብ ለመዳን ከሁሉ ይዘገያል። ልብስና ዕቃ ሲታጠብ ከሥር የጥጥ ጓንት፣ ከላይ የጎማ ጓንት ማድረግ ይጠቅማል፤ የጎማ ጓንት ብቻውን ለረጅም ሰዓት ሲደረግ እጅን ያልበዋል፣ ላቡም ያስቆጣል። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በተሰነጠቀ እጅ ላይ ከማቃጠላቸውም በላይ ሽፍታውን ያባብሳሉ። በሲሚንቶ ሥራ የሚውሉ ወንዶችም ሲሚንቶው ቆዳን ስለሚበላ ሥራ እንዳበቁ እጃቸውን በብዙ ውሃ አጥበው መቀባት አለባቸው። ማታ ቫዝሊን በወፍራሙ ቀብቶ ንጹሕ የጥጥ ጓንት ወይም ካልሲ በእጅ አጥልቆ መተኛት በጥቂት ቀናት ለውጡ የሚታይ ዘዴ ነው።

ለተረከዝ ደግሞ እግርን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ፣ የጠነከረውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ በቀስታ መፈግፈግ፣ ወዲያው ቫዝሊን ቀብቶ የጥጥ ካልሲ አድርጎ መተኛት ነው። በምላጭ መቁረጥ አይገባም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩን መዘፍዘፍም ሆነ መፈግፈግ የለበትም፤ ስሜቱ ስለሚቀንስ ቁስሉን ሳያውቀው ይሰፋልና ጤና ባለሙያ ይየው። በቀይ አፈር ላይ ያለ ጫማ መሄድ ለእግር ዝሆኔ ያጋልጣል፣ በተሰነጠቀ ተረከዝ ደግሞ አደጋው ይጨምራል፤ ስለዚህ ጫማ ለገበሬውም ለልጁም እንደ መድኃኒት መቆጠር አለበት።

ሽፍታው ሲቆጣ

ለ2 ሳምንት በሚገባ ተቀብቶ ያልበረደና የተቆጣ ቦታ ካለ፣ ጤና ባለሙያ አይቶት የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን የተባለ ክሬም ሊያዝ ይችላል። ይህ መድኃኒት በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በተቆጣው ቦታ ላይ ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ ለ7 ቀን ያህል ይቀባል። የመጠኑ መለኪያ የአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ነው፤ ከጣቱ ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ የተዘረጋ ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ የሁለት መዳፍ ስፋት ላለው ቦታ ይበቃል። በእሱና በቫዝሊኑ መካከል 20 ወይም 30 ደቂቃ ማቆየት ነው።

ቤታሜታሶንና ክሎቤታሶል ከዚህ በጣም የበረቱ መድኃኒቶች ናቸው። ፊት ያቀላሉ እየተባለ ለውበት የሚቀቡ መሆናቸው እጅግ ያሳዝነኛል። ያለ ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል፣ ሸንተረር ይሰራል፤ ሲቋረጡም ፊቱ ከበፊቱ የባሰ ይቆጣል። በጭርት ላይ ከተቀቡ ደግሞ ማሳከኩን አስታግሰው ፈንገሱን ስለሚያስፋፉት ሐኪም እንኳ በሽታውን ለመለየት ይቸገራል።

ከዕፅዋት ወገን የእሬት ውስጠኛው ጥርት ያለ ዝልግልግ ክፍል ባልቆሰለ ቆዳ ላይ ያበርዳል፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ግን ያስቆጣልና ታጥቦ ይወገድ። ጤና አዳምን ወይም ሎሚን ቆዳ ላይ አሽቶ ፀሐይ መውጣት ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ያስከትላል፤ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት አስሮ ማደርም ቆዳን ያቃጥላል። እነዚህ ሦስቱ በገበታ ላይ ቦታቸው የታወቀ ነው፣ ለሽፍታ ግን አይሆኑም።

ሕፃናትን በተመለከተ ጥፍራቸውን አሳጥሮ መቁረጥና ማታ እጃቸውን በለስላሳ ጨርቅ መሸፈን ከብዙ ቁስል ያድናል። ለልጁ ወተት ወይም እንቁላል ያለ ሐኪም ምክር መከልከል ግን ሽፍታውን ሳይጠቅም ዕድገቱን ሊጎዳ ይችላል።

ከሽፍታው ቢጫ ቅርፊት ወይም መግል ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቦታው በፍጥነት ከሰፋና ካበጠ፣ በተቆጣው ቆዳ ላይ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው የሚያሙ ውሃ የቋጠሩ ፍንጣሪዎች በአንድ ጊዜ ከወጡ፣ ወይም ሽፍታው አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የመጣና አፍንና ዓይንን የነካ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ማሳከኩ እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነም ምልክቶቹ ባይኖሩ እንኳ መታየት ያስፈልጋል።

ቅባቱን መጀመር የሚገባው ሽፍታው እስኪወጣ ሳይጠበቅ፣ በጥቅምት መጨረሻ ቆዳው መሻከር ሲጀምር ነው። በልግ በሚዘንብባቸው ወረዳዎች ከየካቲት ወይም ከመጋቢት ጀምሮ አየሩ ሲርስ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መቀባት ሊበቃ ይችላል፤ በክረምቱ ደግሞ ብዙ ሰው ያለ ቅባትም ይሰነብታል። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ውስጥም የማይለቅ ሽፍታ ግን መነሻው ድርቀት ብቻ ስላልሆነ በቆዳ ሐኪም መታየት አለበት።